ለእናቴ የመረጥኩት ጀነሬተር

ምትኩ እባላለሁ። ዲላ ከተማ ውስጥ ጀነሬተር እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁም። ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ከዚህ ሥራ ወጥቼ አላውቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኬ ይጠራል፤ ሆቴሉም፣ ፀጉር ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም "ምትኩ፣ ድረስልን" ይላል። ሞተር ሲሠራ ከመንገድ ማዶ ቆሜ ድምፁን በመስማት ብቻ ምን እንደጎደለው እናገር ነበር። ሰዎች ይደነቁ ነበር፤ እኔም ሲደነቁልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን መጀመሪያ ላይ የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ታሪኩን ስትጨርሱ ለምን እንደነገርኳችሁ ይገባችኋል።

እናቴ አዳነች ትባላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። ዲላ ውስጥ ዛሬ ጢም ያበቀለው ሰው ሁሉ "ሀ" ያለው እሷ ፊት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ፊሽካ ይዛ አታውቅም። በር ላይ ቆማ አንድ ጊዜ "ልጆች!" ስትል ግቢው በሙሉ ዝም ይል ነበር። ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ዓመት ግን ሳል ጀመራት። ሳሉ አልሄደም። ሐኪሙ ሳንባዋ ቀስ በቀስ እየጠጠረ መሆኑን፣ ወደነበረበት እንደማይመለስም ነገረን። ከዚያ በኋላ ኦክስጅን ከአየር ላይ እያጣራ የሚሰጥ ማሽን ገዝተን እቤት አስገባንላት። ቀጭኑ ቱቦ ከአፍንጫዋ ተነስቶ እስከ ማሽኑ ይሄዳል። ከአልጋዋ እስከ በረንዳው ደፍ ድረስ ያደርሳታል፤ ከዚያ አያልፍም። የእናቴ ዓለም ያቺን ታህል ሆነች።

በጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን እራት እየበላን ሳለ፣ "ቡናው ተለቅሞ ሳያልቅ ጎቲቲን ማየት እፈልጋለሁ" አለች።

ባንኮ ጎቲቲ የተወለደችበት ቀበሌ ነው። ወንድሟ፣ አጎቴ ጅግሶ፣ አሁንም እዚያው የአባታቸውን ቡና ይዞ ይኖራል። እናቴ ከታመመች ወዲህ ሄዳ አታውቅም። እህቴ ራሄል አቀርቅራ ሳህኗን ታይ ጀመር። እኔ "እማዬ፣ እዚያ እኮ መብራት የለም" ማለቴን አስታውሳለሁ። አባቴን ግን በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የሚኒባሱን ወንበሮች ሲፈታ አገኘሁት።

አባቴ በየነ ዕድሜውን በሙሉ ከዲላ ይርጋጨፌ ሰው ያመላለሰ ሹፌር ነው። መኪናዋ አርጅታ ከስምሪት ከወጣች በኋላ ሊሸጣት አልቻለም፤ ግቢ ውስጥ አቁሞ በየሳምንቱ ያጥባታል። አሁን ሥራ አገኘላት። ከኋላ ያሉትን ወንበሮች በሙሉ አውጥቶ በጣውላ አልጋ ሠራ። አልጋው ከፍ ያለ ነው፤ እናቴ ስትተኛ ራሷ ከመስኮቱ ጋር እኩል እንዲሆን ብሎ ለክቶ ነው የሠራው። ለማሽኑ መደርደሪያ አበጀ፤ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ በአሮጌ የወንበር ቀበቶ አሰረው። አበባ ያለበት መጋረጃ በሽቦ ወጠረ። መነጽሯን የምታንጠለጥልበት ሚስማር እንኳ አልረሳም። ጎረቤት እየመጣ ጎበኘው። እናቴ ተደግፋ ገባችና ጋደም ብላ ወዲያ ወዲህ አየች።

"በየነ፣ ከቤታችን ይሻላል እኮ" አለች።

አባቴ ፊቱን አዙሮ መፍቻውን መፈለግ ጀመረ። መፍቻው እጁ ላይ ነበር።

የቀረው የጀነሬተሩ ነገር ነበር። የአጎቴ ቤት ያለው ከመኪና መንገዱ በላይ፣ በእግር ወይም በሞተር ሳይክል ብቻ በሚወጣ ቀጭን መንገድ ላይ ነው። እናቴ ሁለቱንም አትችልም። ስለዚህ ያሰብነው መኪናዋን ታች መንገድ ዳር አቁመን ሁለት ቀን እዚያው ውስጥ እንድታርፍ፣ ዘመዶቿም ወርደው እንዲያዩዋት ነው። ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ትንንሽ የኦክስጅን ሲሊንደሮች አገኘን። ቆመን ለምንቆይበት ጊዜ ግን ማሽኑ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል።

ሱቄ ወለል ላይ ሁለት ጀነሬተሮች ነበሩ። አንዱ ኢንቨርተር የሚባለው ነው። ሻንጣ ይመስላል፤ ሞተሩ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ አጠገቡ ቆማችሁ ማውራት ትችላላችሁ። የሚያወጣውንም ኃይል በኤሌክትሮኒክስ አስተካክሎ ስለሚያወጣ አይዋዥቅም። ሌላው ሁላችሁም የምታውቁት፣ በብረት ዘንግ የታቀፈው ተራው ጀነሬተር ነው። ጉልበቱ ብዙ፣ ጩኸቱም ብዙ ነው፤ የሚያወጣው ኃይል ደግሞ ሞተሩ በተንገዳገደ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል።

ራሄል ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ከእናታችን ጋር የምትኖረውም የምታስታምማትም እሷ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ መጣችና ኢንቨርተሩ ላይ እጇን አሳረፈች።

"ይሄን ነው የምንወስደው አይደል?"

"አይደለም" አልኳት። "ያኛውን ነው።"

"ምትኩ! የማሽኑ መመሪያ የሚዋዥቅ ኃይል አይችልም ይላል። አንብቤዋለሁ።"

"መመሪያውን የጻፈው ሰው ጎቲቲን አያውቃትም። ይሄ ኢንቨርተር እዚያ ቢበላሽ ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው። ያኛውን ግን በአንድ መፍቻና በአንድ ካንዴላ አስነሳዋለሁ።"

"ለሁለት ቀን እኮ ነው የምንሄደው። አዲስ ዕቃ በሁለት ቀን ውስጥ ለምን ይበላሻል?"

እውነቷን ነበር። ለዚህም ነው የተቆጣሁት። "ስልክ ላይ ያነበብሽውን ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? ለመዋዠቁ ስታብላይዘር አስገባለታለሁ። ኃይሉ ከተዛባ ራሱ ይቆርጠዋል፤ ማሽኑ አይነካም። ሥራዬን ለእኔ ተይልኝ።"

ተወችልኝ። እናቴ ግን ማታ አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥ ጠየቀችኝ።

"ጩኸቱ እንዴት ነው?"

"ትለምጂዋለሽ እማዬ።"

"እኔ የምሄደው እኮ ሰው ልሰማ ነው" አለች፤ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ብላ። "ጅግሶ ሲያወራ መስማት ነው የናፈቀኝ።"

"ሁሉንም ትሰሚያለሽ" ብዬ ሳምኳት። ለዓመታት ለደንበኞቼ "ተራውን ግዙ፣ ተራው አያሳፍርም" ስል ኖሬያለሁ። ለእናቴ ሌላውን ብወስድ ራሴን የምክድ መሰለኝ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ኅዳር ውስጥ አንድ ሐሙስ ጠዋት ተነሳን። አባቴ መኪናዋን እንቁላል እንደጫነ ሰው ነበር የሚነዳው። ወናጎን አልፈን ይርጋጨፌ ስንደርስ እናቴ መስኮቱን በትንሹ አስከፈተች። እሸት ቡና የጫኑ መኪኖች በአጠገባችን ያልፉ ነበር። ከአስፋልት ወጥተን ወደ ጎቲቲ ስንታጠፍ፣ "ቀስ በል፣ እዚያች ጋ ድልድይ አለች" ትለው ጀመር። አባቴ መንገዱን ከእሷ በላይ ያውቀዋል፤ ግን በየመታጠፊያው "እሺ መምህር" ይላት ነበር።

አጎቴ ጅግሶ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን። እኔና ራሄል ዲላ ስላደግን ጌዴኦኛችን ደካማ ነው፤ እሱም ለእኛ ሲል በአማርኛ ያወራናል። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

"እህቴ መጣ! ጌታ ይመስገን፣ እህቴ በእግዚአብሔር መጣ!" እያለ የመኪናዋን በር ይዞ አለቀሰ።

ጀነሬተሩን ከእንሰቱ ኋላ አስቀመጥኩት። ገመዱ ከአሥራ አምስት እርምጃ በላይ አያስኬድም። ጭሱ ወደ መኪናዋ እንዳይመጣ ነፋሱን አይቼ ነው ያስቀመጥኩት፤ በዚህ አልተሳሳትኩም። ስታብላይዘሩን መኪናዋ ውስጥ አስሬ፣ የእናቴን ማሽን ሰክቼ፣ ተመልሼ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳብኩ። ሞተሩ ሲነሳ ከእንሰቱ ላይ ወፎች ብድግ አሉ።

ዘመዶቿ እየተከታተሉ መጡ። እየገቡ ይስሟታል፣ ያወሯታል። እሷ ፈገግ እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። ሲወጡ ጠጋ ብዬ "ተጫወታችሁ?" አልኳት በጆሮዋ።

"ከንፈራቸውን አየሁት" አለች።

ጩኸቱን ለመቀነስ ብለን መስኮቶቹንና በሩን ዘጋን። ውስጡ ትንሽ ሻል አለ። ሌሊቱን ተራ በተራ አጠገቧ አደርን።

ዓርብ ጠዋት የአጥቢያዋ ሴቶች መጡ። ልጅ ሆና አብረዋት የዘመሩ፣ አሁን ሁሉም የሸመገሉ ናቸው። መኪናዋን ከበው መዘመር ሲጀምሩ ከጀነሬተሩ ጩኸት የተነሳ አፋቸው ሲከፈት ሲዘጋ ብቻ ነበር የሚታየው። እናቴ እጇን አነሳች። ጣቷን ወደ እንሰቱ ቀስራ፣ ያን የአስተማሪ ፊቷን አሳየችኝ። "አጥፋው" ማለቷ ነው። ለመመለሻ ያስቀመጥነውን ሲሊንደር ከፈትኩላትና ጀነሬተሩን አጠፋሁት።

እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከታች ወራጁ ውሃ ይሰማል። ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ከኮረብታው ላይ እርስ በርሳቸው ይጠራራሉ። በሩን ወለል አድርገን ከፈትነው። ሴቶቹ በጌዴኦኛ ዘመሩላት። እናቴ ድምፅ ማውጣት ስለማትችል በእጇ ጉልበቷን እየመታች ዜማውን ተከተለች። ሦስት መዝሙር ዘመሩ። አጎቴ መሬት ላይ ተቀምጦ በልጅነታቸው ስለሰረቁት ሸንኮራ ነገራት፤ እሷም ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። ከዚያ እኔ የሲሊንደሩን መለኪያ አይቼ፣ "ይብቃ፣ ይሄ ለመመለሻ ነው" አልኩና ጀነሬተሩን አስነሳሁት። በሩንም ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደየሥራው ተበተነ፤ የቡና ለቀማ ጊዜ ነው። አባቴ ሌሊቱን ብዙ ስላልተኛ ላይ አጎቴ ቤት ወጥቶ ጋደም አለ። ራሄል ምሳ ለማምጣት ወጣች። ስትወጣ "አጠገቧ ነህ አይደል?" አለችኝ። "ነኝ" አልኳት።

ነበርኩ። እናቴ መስኮቱ ላይ አገጯን አሳርፋ ኮረብታውን ታያለች። እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጠራ። ደንበኛ ነው፤ ይርጋጨፌ አካባቢ ምግብ ቤት ሊከፍት የተዘጋጀ ሰውዬ። መኪናው ውስጥ ሆኜ "ሃሎ" ብለው አይሰማኝም። እናቴ ሂድ፣ ውጣና አውራ እንደማለት እጇን አወዛወዘች። ወጣሁ፤ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ደጅ ይብሳል። ስለዚህ ወደ ታች፣ ወደ ድልድዩ መራመድ ጀመርኩ። ከጩኸቱ እስክርቅ ድረስ ብዙ ነው የሄድኩት።

ሰውዬው የፈለገው ምክር ነው። ኢንቨርተር ልግዛ ወይስ ተራውን? አለኝ። የምወደው ጥያቄ ነበር። ድልድዩ ላይ ተደግፌ ማብራራት ጀመርኩ። የነዳጁን ነገር፣ የመለዋወጫውን ነገር፣ የጉልበቱን ነገር። እያወራሁ ሳለ ሞተሩ ከሩቅ ተንገዳገደ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ዝቅ ከፍ አለ። ከዚያ ተስተካከለ። ሲስተካከል ግን ድምፁ ቀደም ሲል ከነበረው ቀለል ያለ ነበር። ሸክሙን ያወረደ ሰው አተነፋፈስ ይመስላል።

ጆሮዬ ሰምቷል። ሥራዬ ነውና ሰምቷል። ጭነት የለቀቀ ሞተር ድምፅ መሆኑን አውቄያለሁ። በአእምሮዬ "ምን ሆነ?" የሚል ነገር ብልጭ አለ። ሰውዬው ግን "እሺ፣ ከዚያስ?" አለኝ። ሞተሩ አልጠፋም፤ እየሠራ ነው። ወሬዬን ቀጠልኩ። "ተራውን ግዛ፣ አያሳፍርህም" ብዬ ጨረስኩ።

ስንት ደቂቃ እንዳወራሁ በኋላ የነገረኝ ስልኬ ነው። ከአሥራ አራት ደቂቃ በላይ።

ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት መጋረጃውን ነው። መስኮቱ ላይ የለም። ሽቦው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ሮጥኩ። በሩን ስከፍተው የማሽኑ ማስጠንቀቂያ ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ ስለታም፣ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ነው። በሩ ሲዘጋ ግን ጀነሬተሩ ይውጠዋል። ስታብላይዘሩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ሞተሩ ሲንገዳገድ ኃይሉ ተዛብቶ፣ እኔ እንዳሰናዳሁት፣ ቆርጦታል። ሰው በእጁ ካልነካው አይመለስም።

እናቴ በጎኗ ወድቃለች። መጋረጃው እጇ ውስጥ ነው። ከንፈሯ ጠቁሯል።

"እማዬ! እማዬ!" እያልኩ ሲሊንደሩን ከፈትኩ። የሲሊንደሩን ጭንብል አፍና አፍንጫዋ ላይ አደረግኩ። ደረቷ በጣም በቀስታ ይነሳል፣ ይወርዳል። ራሄል ሳህን ይዛ ስትመጣ አየችኝ፤ ሳህኑን የት እንዳደረገችው አላውቅም። እየጮኸች ወደ ላይ ሮጠች። አባቴ ባዶ እግሩን ወረደ። ጀነሬተሩን ራሴ አጠፋሁት፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ እሱም መኪናዋን አስነሳ።

ስንመጣ እንቁላል እንደጫነ ሰው የነዳው አባቴ፣ ስንመለስ ያ ጭቃና ጉድጓድ ሁሉ አልታየውም። ራሄል የእናቴን እግር ይዛለች፤ እኔ ራሷን ታቅፌያለሁ። ድልድዩን ስናልፍ ዓይኗን ከፈተች። እኔን አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጭንብሉን በትንሹ አነሳሁላት።

"ስልኩን ጨረስክ?" አለችኝ።

ቁጣ አልነበረውም። ከሱቅ ስመለስ ምሳ በላህ ወይ እንደምትለኝ ነው ያለችው። ስሄድ በመስኮቱ አይታኛለች። ድልድዩ ድረስ በዓይኗ ተከትላኛለች ማለት ነው። መስኮቱን ስትመታም፣ መጋረጃውን ስትጎትትም ጀርባዬን እያየች ነበር።

"ጨረስኩ እማዬ። እዚህ ነኝ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። አስፋልቱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ደረቷ መነሳቱን አቆመ። ይርጋጨፌ ሆስፒታል ወስደናት ነርሷ እስክትነግረን ድረስ ግን ሁላችንም እንዳላወቀ ሰው ሆንን። ሲሊንደሩ ውስጥ ገና ግማሹ ኦክስጅን ነበር።

ከቀብሯ የቀረ የዲላ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ትላልቅ ሰዎች፣ የቢሮ ኃላፊ፣ ሹፌር፣ ነጋዴ፣ "መምህሬ" እያሉ አለቀሱ። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ "የጌታ ፈቃድ ነው፤ የትውልድ አገሯን አይታ ሄደች" እያለ ያጽናናን ነበር። ራሄል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፣ "ምን ሆኖ ነው ማሽኑ የቆመው?" አለችኝ።

"ስታብላይዘሩ ቆርጦት ነው" አልኳት። "ከሩቅ ስለነበርኩ አልሰማሁም።"

ግማሹ እውነት ነው። ያቺን ሌላዋን ግማሽ ለማንም አልተናገርኩም። ሱቄን ከፈትኩ። ደንበኛ መጥቶ ሞተር አስነስቶ "ምን ሆነብኝ?" ሲለኝ ድምፁን መስማት አቃተኝ። "ነገ ና" ብዬ እሸኛለሁ። እንቅልፍም አልነበረኝም። አራት ወር እንደዚህ ቆየሁ።

አንድ እሁድ አባቴ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ሲያጥብ አገኘሁት። አልጋውን አላወጣውም። ባልዲውን ይዤ ልረዳው ገባሁና ሳላስበው ወጣ።

"አባዬ፣ ሰምቼ ነበር።"

ማጠቡን አላቆመም። "ምኑን?"

"ሞተሩ ጭነቱን ሲለቅ። ስልክ እያወራሁ ሰምቼዋለሁ። ምን እንደሆነም ገብቶኝ ነበር። ወሬዬን አላቋረጥኩም።"

አባቴ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለ። ጎማውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር።

"እኔም ሰምቻለሁ" አለ።

"ምን?"

"ጅግሶ ቤት ተኝቼ። አርባ ዓመት ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ነኝ፤ ተኝቼም እሰማለሁ። ድምፁ ተለወጠብኝ። ልነሳ አልኩ።" እርጥብ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። "ከዚያ ግን፣ ምትኩ አለ አይደል፣ ከምትኩ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ።"

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጠን አለቀስን። እሷ ከሞተች ጀምሮ አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። ሁለታችንም አራት ወር ሙሉ አንዱ ከሌላው ደብቀን አንድ ነገር ተሸክመን ነበር።

ለራሄል ነገርናት። እሷ እንደ አባቴ አልሆነችም። አዳመጠችኝ፣ ከዚያ "አጠገቧ ነህ ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር" አለችና ክፍሏን ዘጋች። ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። አሁን ታወራኛለች፤ የልጆቼን የቤት ሥራ ታያለች፣ በዓል አብረን እንውላለን። ይቅር ብላኛለች ወይ ብትሉኝ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኋትም። የመጠየቅ መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ሥራዬን አልተውኩም። ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም። ሰው ሱቄ ሲመጣ ግን ስንት አምፖል፣ ስንት ማቀዝቀዣ ብዬ አልጀምርም። "አጠገቡ የሚተኛው ማን ነው?" ብዬ ነው የምጠይቀው። ለድንጋይ ወፍጮና ለብየዳ ቤት ተራው ጀነሬተር ዛሬም ጥሩ ነው፤ እሸጣለሁ። ሕሙም ላለበት ቤት፣ ሰው ለሚተኛበት መኪና ግን ኢንቨርተሩን ነው የምሰጠው። ከዚያም ሰው ቤት ድረስ ሄጄ የማሽኑን ማስጠንቀቂያ በሽቦ አውጥቼ ቤተሰቡ በሚቀመጥበት ክፍል ደወል አደርግለታለሁ። አንዳንዱ "ምን አስጨነቀህ?" ይለኛል። ለአንዳንዱ እናገራለሁ፣ ለአንዳንዱ ዝም እላለሁ።

ትክክለኛውን ጀነሬተር ብወስድ ኖሮ እናቴ ዛሬ ትኖር ነበር አልልም። ሳንባዋ ብዙ ጊዜ እንደማይሰጣት ሐኪሙ ነግሮን ነበር። ግን የቀራት ወራትም ይሁን ሳምንት የእሷ ነበር። መጨረሻዋንም ጀርባዬን እያየች መስኮት በመምታት ልታሳልፈው አይገባም ነበር። እናውቃለን ብለው የሚያስቡ ሰዎች እንደ እኔ ናቸው፤ ጥያቄ ሲቀርብላቸው መልሱን ቀድመው ይዘው ይመጣሉ። እናቴ "ሰው ልሰማ ነው የምሄደው" ስትለኝ ለምርጫው የሚያስፈልገኝን ሁሉ ነግራኝ ነበር። እኔ ስለ ካርድና ስለ ካንዴላ አስብ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ በማሽን የሚተነፍስ፣ በማሽን የሚታከም ሰው ካለ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዛሬውኑ የማሽኑን ሶኬት ለአንድ አፍታ ንቀሉና ማስጠንቀቂያው ይጩህ። በሩን ዝጉ። ጀነሬተር ካላችሁ አስነሱት። ከዚያ ሁልጊዜ በምትቀመጡበት ቦታ ተቀምጡና አዳምጡ። ካልተሰማችሁ፣ ወንበራችሁን አንሱና አጠገባቸው ተቀመጡ።